የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ በሽማግሌ እንጨርሰው ወይስ እንክሰስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። እህቴ 21 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ትማራለች። እኛ ሙስሊም ነን፤ የእናታችን ወገኖች ክርስቲያን ናቸው። ባለፈው ወር በእናታችን ወገን የአጎታችን ልጅ ሐይቅ አካባቢ ሲያገባ እህቴ ሻሽ አስራ፣ የማርያም ሥዕል በተሰቀለበት ዳስ ውስጥ ስትጨፍር የአክስታችን ልጅ በስልኩ ቀረፃትና ስቴተሱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ የወሎ ቆንጆዎችን ቪዲዮ እየሰበሰበ የሚለጥፍ አንድ የቲክቶክ ገጽ ወሰደው። ሙሽሮቹን ቆርጦ እሷን ብቻ አወጣት። ኮሜንቱ ስድብ ብቻ ነው። ግማሹ በሃይማኖቷ፣ ግማሹ በሰውነቷ። አሁን ደግሞ የማናውቀው ሰው በቴሌግራም ‹15 ሺህ ብር በቴሌብር ካልላካችሁ ፎቶዋን ራቁት አስመስዬ እለቀዋለሁ› አለን። 3 ሺህ ልከንለታል። እህቴ ትምህርት አቁማለች። አባቴ ‹የኢንተርኔት ነገር ሕግ የለውም፤ በሽማግሌ እንጨርሰው› ይላል። እኔ ሁሉንም ፌስቡክ ላይ ማጋለጥ ነው የምፈልገው። ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሌላ ብር አትላኩ። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን አንብበህ እስክትጨርስ ሰውየው ደግሞ ሊጽፍ ስለሚችል ነው። 3 ሺህ ብሩ ዝም አላሰኘውም። የሚከፍል ቤተሰብ እንዳገኘ ነው የነገረው። ቢሮዬ ከመጡት ባለጉዳዮች መካከል ከፍሎ የተገላገለ አላየሁም። ከፍሎ፣ ደግሞ ከፍሎ፣ የሚሸጠው ሲያልቅበት የመጣ ግን አይቻለሁ።

አባትህ አንድ ነገር ላይ ተሳስተዋል፣ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። አንተ ግን «ማጋለጥ» ያልከው ላይ ጭራሽ ተሳስተሃል። ሁሉንም እደርስበታለሁ።

«ሕግ የለውም» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሳይበር ሲባል አየር ላይ ያለ ነገር ይመስላል። አጥር የለው፣ ቀበሌ የለው። ግን የቀረፀው ልጅ እጅና እግር አለው። የለጠፈው ሰው ስልክ አለው። ብር የጠየቀው የቴሌብር ቁጥር አለው። ሕግ የሚይዘው እነዚህን ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ከወጣ ቆይቷል፤ 2008 ዓ.ም. ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ተጨምሯል፤ እሱ ለእናንተ የመጀመሪያው መሣሪያ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ያኔ ሰው ፎቶ ለመነሳት ክት ልብሱን ለብሶ ፎቶ ቤት ድረስ ይሄድ ነበር። ሕጉ ግን ዛሬ የእህትህን ጉዳይ በደንብ ይገልጸዋል።

ደብዳቤህ ሦስት ሰዎችን አንድ ገመድ ላይ አስሯቸዋል። መጀመሪያ ፍታቸው። ያጠፉት የተለያየ ነው፤ መያዣቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የአክስታችሁ ልጅ ነው። እሱ ክፉ አስቦ የለጠፈ አይመስለኝም፤ የሠርግ ደስታ ነው። ሆኖም «ስትጨፍር ስቀርፃት መቼ ተከለከልኩ?» ብሎ እንዳይሟገት። መቀረፅን መፍቀድና መለጠፍን መፍቀድ አንድ አይደሉም። እህትህ ካሜራውን እያየች ስቃ ቢሆን እንኳ የሳቀችው ለአክስቷ ልጅ ነው። እርግጥ ሕጉ ራሱ ማምለጫ አለው። አንቀጽ 28 ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሥነ ሥርዓት ጋር ተያይዞ የወጣ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ጎበዝ ጠበቃ «ሠርግ አደባባይ ነው» ብሎ ይከራከርበታል። ጥምቀት ላይ ወይም ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ መሃል ብትቀረፅ ኖሮ እኔም እቸገር ነበር። ዳስ ግን ግቢ ውስጥ ነው፤ ጥሪ አለው። ሦስት መቶ ሰው ተጠራ ማለት አገር ሁሉ ተጠራ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ገጹ ሙሽሮቹን ቆርጦ ጥሏቸዋል። ሙሽራ የሌለበትን ቪዲዮ «ሠርጉን ነው ያሳየሁት» ብሎ ማሳመን ይከብዳል።

ለዚህ ልጅ ሽማግሌ ይበቃዋል። አባትህ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ብትጎትተው እናትህ ከገዛ ወገኖቿ ጋር ለዓመታት ትኳረፋለች፤ እህትህም ምንም አታተርፍም። ሽማግሌዎቹ ግን ይቅርታ ብቻ ተቀብለው እንዳይነሱ። ልጁ ዋናውን ቪዲዮ ከነተቀረፀበት ቀን ሳያጠፋ ያስቀምጥ። ስቴተሱን እነማን እንዳዩት ያስታውስ፤ ለገጹ ያቀበለው ከመካከላቸው አንዱ ነው። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። አፍ ላይ የቀረ እርቅ ምስክር ሲያስፈልግ ይጠፋል።

ሁለተኛው የገጹ ባለቤት ነው። ይሄኛው ዘመድም ወዳጅም አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቁንጅናዋን ነው ያደነቅኩት»። ወሎ በቁንጅና መወደስ ዛሬ አልጀመረም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው የቀሩት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን አዝማሪው የሚያወድሳት ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። ደስ ካላት ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለች፤ ካበዛው ወንድሞቿ እዚያው ናቸው። ገጹ ግን ስሟን አያውቅ፣ ፈቃዷን አልጠየቀ፣ በእሷ ፊት ተከታይ ይሰበስባል። ስድቡ ሲወርድባት ደግሞ እሱ የለም። ይባስ ብሎ ስድቡ ኮሜንት ሆኖ ይቆጠርለታል፤ ኮሜንት በበዛ ቁጥር ቪዲዮው ለብዙ ሰው ይደርሳል።

የሃይማኖቱ ስድብ ለምን እንደመጣ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለሌላ አገር አንባቢ ግን ልበል። ወሎ ውስጥ አጎቱ ቄስ፣ አያቱ ሼህ የሆነ ሰው ብርቅ አይደለም። ዳስ ሲጣል የሙስሊሙ ለብቻ ታርዶ ለብቻ ይሠራል። ማዕዱ ይለያያል፣ ጭፈራው አንድ ነው። እዚያ ዳስ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያቺ ሻሽ ያሰረች ልጅ የሙሽራው የአክስት ልጅ መሆኗን ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ግን ዝምድናው አይታይም። የሚታየው ሻሽና ከኋላዋ የተሰቀለ የማርያም ሥዕል ብቻ ነው። ጅማም ይሁን ጎንደር፣ ሪያድም ይሁን ሚኒሶታ የተቀመጠ ሰው የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። የሞላውም በንዴት ነው። ቡና ላይ የተነሳ ሐሜት አቦል ላይ ቢጋል በረካው ላይ ይበርዳል፤ ተናጋሪዋንም ሰሚዋንም ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ይህኛው ወሬ በረካ የለውም። እኔ ጋ በመጣ አንድ ተመሳሳይ ጉዳይ ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየችው ጂዳ የምትሠራ አክስት ናት። ደሴ ያሉት ወላጆች የሰሙት ከእሷ ስልክ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪዲዮውን መለጠፍ ብቻውን ስም ማጥፋት አይደለም። ገጹ ከሥሩ ምን ጻፈ? ክብሯን የሚነካ ነገር ከጻፈ ወይም ቪዲዮውን እንዲያ ተብሎ እንዲታይ አድርጎ ከቆራረጠው የአዋጅ 958 አንቀጽ 13(3) ይይዘዋል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ሁለቱም ነው። «ቆንጆ» ብሎ ብቻ ከለጠፈ ግን ወንጀሉ ይሳሳል፤ ያኔ መንገዳችሁ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ፍርድ ቤት እንዲያነሳው ያዛል፣ ካሳም ያስከፍላል። ደብዳቤህ ውስጥ ጽሑፉን አልነገርከኝም። እሱን ያየ ጠበቃ ብቻ ነው የቱ እንደሚሻል የሚነግርህ።

ሰዳቢዎቹን ሁሉ መክሰስ አይቻልም፤ አትሞክረው። እጅግ የከፉትንና በራሳቸው ስም የጻፉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ምረጡ። የሃይማኖት ስድብ ሁሉ የጥላቻ ንግግር እንዳይመስልህ። አዋጅ 1185 የሚይዘው በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድን ነው። «ባለጌ» ያለ ተራ ሰዳቢ ነው። «እንዲህ ያለችውን መምታት ነው» ያለ ግን ሌላ ነው፤ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለው።

ሦስተኛው ብር ጠያቂው ነው። ከሦስቱ አደገኛው እሱ ነው፤ ለመያዝ የሚቀርበውም እሱ ነው። «ምስሉ እኮ የውሸት ነው፤ ምን ወንጀል አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። ውሸት መሆኑ አያድነውም። የአዋጅ 958 አንቀጽ 13(1) በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት በጽሑፍ፣ በቪዲዮ ወይም በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራትን ይቀጣል። እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ደጋግሞ እየላከ ሥጋትና የሥነ ልቦና ጫና ከፈጠረ ደግሞ አንቀጽ 13(2) እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበሉ በወንጀል ሕጉ ለብቻው ያስጠይቀዋል። እነዚህ በእናንተ አቤቱታ ላይ ብቻ የቆሙ ክሶች አይደሉም። ስለዚህ ነገ ዘመዶቹ ሽማግሌ ይዘው ቢመጡና «ይቅር» ብትሉ እንኳ ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥልበት ይችላል።

ሽማግሌ የማይደርስበት ቦታ ይህ ነው። የወሎን አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አባጋሮችን፣ አከብራለሁ፤ ደም ያደረቁ ሰዎች ናቸው። ግን የእነሱ ሥራ ሰዎቹ ከተገኙ በኋላ ነው። በድሮው አውጫጭኝ ደግሞ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ አይበተንም ነበር። የቴሌግራም ስም ግን የማን ጎረቤት ነው? ደሴ ሸዋበር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፣ አረብ አገር ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያወጣው ፖሊስ በሕግ በሚጠይቀው መረጃ ነው። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የመረጃ ልውውጡን መዝገብ ለ1 ዓመት እንዲያቆይ አዋጅ 958 ያስገድደዋል። የቴሌብር ቁጥሩም በሰው ስም የወጣ ነው። በሌላ ሰው መታወቂያ አውጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን የመጀመሪያው ክር ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ ቴሌ የሚሠራ ጓደኛ ይዘህ «የዚህን ቁጥር ባለቤት እይልኝ» እንዳትል። ጓደኛህን ከሥራ ታስወጣለህ፣ ማስረጃህንም ታበላሻለህ።

አሁን ማስረጃው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው «ሪፖርት አድርጉ» ብሎ ዘመድ አዝማዱን ማነሳሳት ነው። ቪዲዮው ይነሳል፤ ደስ ይላል። ከዚያ ፖሊስ «የታለ?» ሲል ምንም የለም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ መጀመሪያ ያዙ፣ ቀጥሎ አስነሱ። ስክሪንሹት ማስረጃ አይሆንም የሚሉ አሉ፣ ስክሪንሹት ካለ በቃ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። አዋጁ የተረጋገጠ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ህትመት በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ተቆርጦ የተላከና ቀኑ የማይታይ ምስል ግን በአንድ ጥያቄ ይወድቃል። ስለዚህ ስልኩን ስክሪን ሪከርድ ላይ አድርገህ ከገጹ መግቢያ ጀምር። የገጹን መጠሪያ፣ የቪዲዮውን ሊንክ፣ የወጣበትን ቀን፣ ከሥሩ የተጻፈውን፣ ኮሜንቶቹን እስከ ታች ድረስ ቅረፅ። ምንም አትቁረጥ፣ ምንም አታክብብበት። የቴሌግራሙን ንግግር ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ አስቀምጥ፤ ሰውየውን ገና ብሎክ አታድርገው። በቴሌግራም ላኪው መልእክቱን ካንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል ይህን ዛሬውኑ አድርግ። 3 ሺህ ብር ስትልኩ የመጣው የቴሌብር መልእክት የግብይት ቁጥር አለው፤ እሱ ወርቅ ነው። ቪዲዮውን በዓይናቸው ያዩ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎችም ካሉ ስማቸውን ያዝ።

አንድ ለየት ያለ ጥንቃቄ። ቪዲዮው ላይ ከእህትህ ጎን ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ካለችና ሰውየው የእሷን ራቁት ምስል ሠርቶ ከላከ፣ እንዳታባዛው፣ ለሽማግሌም ለጠበቃም እንዳትልከው። የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል መያዝና ማስተላለፍ በአዋጅ 958 አንቀጽ 12 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስልኩን እንዳለ ይዘህ ወደ ፖሊስ ሂድ።

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ቲክቶክ ላይ በእህትህ በራሷ አካውንት ሪፖርት ይደረግ። የምስሉ ባለቤት ያመለከተችው አንድ አቤቱታ ስሜት ካነሳሳው መቶ ሪፖርት ይሻላል። ሰውየው የሠራውን ራቁት ምስል ከላከላችሁ ደግሞ ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) የሚባል ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉን ራሱን አትልክለትም። ስልኳ ላይ የምስሉን አሻራ የመሰለ ቁጥር ያወጣና ያንን ብቻ ይወስዳል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ምስሉን ሊለዩትና ሊያግዱት ይችላሉ።

ስለ ማጋለጥህ። ፌስቡክ ላይ የሰውየውን ፎቶና ስልክ አውጥተህ «ሌባ፣ አስገድዶ ብር ተቀባይ» ስትል አንቀጽ 13(3) ያንተም አንቀጽ ይሆናል። ቁጥሩ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ከሆነ ደግሞ ምንም የማያውቅ ሰው ነው ያዋረድከው። ብሔሩን ወይም ሃይማኖቱን ከጨመርክበት ወደ አዋጅ 1185 ትሻገራለህ። በዚህ ሁሉ ላይ የእህትህን ቪዲዮ ላላየው ሰው ታስተዋውቅለታለህ። ተወው።

የት ነው የሚከሰሰው? የኮምፒውተር ወንጀል በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው በፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በአማራ ክልል ይህን ሥልጣን በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደህ ቢመልሱህ አትናደድ። ያንተ ደጅ ግን ፍርድ ቤቱ ሳይሆን የከተማችሁ ፖሊስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሻላል ያለህ ዘመድ ካለም ሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብና የውርስ ጉዳይ እንጂ ወንጀል አያይም።

የሚከብደውንም ልንገርህ። ምርመራው ይዘገያል። ሰውየው ውጭ አገር ከሆነ እጅግ ይዘገያል። ማኅበራዊ ሚዲያዎቹ የጥላቻ ንግግር ሲጠቆሙ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ አዋጅ 1185 ይላል፤ ድርጅቶቹ ግን ቢሮአቸው እዚህ አይደለም። እዚህ እኛ ዘንድ ኔትወርክ ራሱ የሚታመን አይደለም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ገጾቹ ሌላ ቦታ መሥራታቸውን አላቆሙም ነበር። ስለዚህ ማስረጃችሁን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ፤ ፍላሽ ላይም ይገልበጥ። ካሳውም አያጓጓችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውን በ1,000 ብር ገድቦታል። በ1952 ብዙ ነበር፤ ዛሬ ለጠበቃው ታክሲ ላይበቃ ይችላል። በደረሰኝ የሚረጋገጥ ኪሳራ፣ ለምሳሌ የባከነ የትምህርት ክፍያ፣ ለብቻው ይጠየቃል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ዛሬ ማስረጃውን ያዙ። ነገ ጠዋት ብር ጠያቂውን፣ ከቪዲዮው ሥር የጻፈው ክብሯን የሚነካ ከሆነም የገጹን ባለቤት፣ በሁለት የተለያየ አቤቱታ ፖሊስ ጋ አመልክቱ። የአክስታችሁን ልጅ ለሽማግሌ ተዉት። በአንቀጽ 13(3) የሚቀርበው ክስ በአቤቱታ ብቻ የሚነሳ ነው፤ አቤቱታውም ወንጀሉ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ሽማግሌዎች «ትንሽ ታገሡን» ሲሉ ያ ጊዜ ሲያልፍ አይቻለሁ። አንድ ወሩ ሄዷል።

የመጨረሻው ነገር እህትህ ናት። በደብዳቤህ ውስጥ አባትህ ተናግረዋል፣ አንተም ተናግረሃል፤ የእሷ አንድም ቃል የለም። 21 ዓመቷ ነው። የስም ማጥፋቱን አቤቱታ የምትፈርመው እሷ ናት፤ ልተወው ካለችም የምትተወው እሷ ናት። አንተና አባትህ ብትሄዱ መርማሪው «ተበዳይዋ የታለች?» ብሎ ይመልሳችኋል። ዛሬ ማታ «አብሽሪ» በላትና ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት። ፖሊስ ጣቢያ መሄዱን እሺ ካለች መታወቂያዋን፣ ስልኳንና ፍላሹን ትያዝ። ቃሏን ለሴት መርማሪ መስጠት ከፈለገች እዚያው በር ላይ ጠይቁላት።